ከሸንኮራ እርሻ እስከ መንገድ ዳር፦ ዳብልስ የትሪኒዳድ ሕዝብ ሁሉ ምግብ የሆነው እንዴት ነው?

(በቶሮንቶ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ካሪቢያን ሲባል አብዛኞቻችን ቀድማ የምትታወሰን ጃማይካ ናት። አያስገርምም። ራስ ተፈሪያን አሉ፣ ሻሸመኔ አለች፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላኑን የከበበው ሕዝብ ፎቶግራፍም በብዙ ቤት አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚያው በሚያዝያ 1966 ጉዟቸው ከጃማይካ አስቀድመው የጎበኙት ትሪኒዳድን ነበር። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ትሪኒዳድና ቶቤጎ ከጃማይካ በአንድ ነገር በጣም ትለያለች። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ 35 ያህሉ ዜጋ ዘሩን ከሕንድ፣ 34 ያህሉ ደግሞ ከአፍሪካ የሚቆጥር ነው። ጋያና ውስጥም ከሕንድ የመጡት ሰዎች ዘሮች ከሁሉም የሚበዙት ናቸው። ይህን የካሪቢያን ወገን እኛ በቅጡ አናውቀውም። ዛሬ ማታ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት በምግቡ በኩል ነው፤ ከምግቡም አንዱን መርጫለሁ። ዳብልስ ይባላል። የምመርጠው ስለሚጣፍጥ ብቻ አይደለም። ስንት መንግሥትና ስንት ሕግ አብረው ሊያኖሯቸው የተቸገሩ ሰዎችን በአንድ ወረፋ አሰልፎ የሚያበላ ምግብ ስለሆነ ነው። ይህን ለማድረግ የቻለው በአጋጣሚ አይደለም፤ ምክንያቶች አሉት፤ ስለ እነዚያ ምክንያቶች መናገር እወዳለሁ።

መጀመሪያ ምግቡን እንየው። ከሳን ፈርናንዶ ወደ ፔናል በሚወስደው መንገድ ላይ ደቤ የምትባል ከተማ አለች። የመንገዱን ዳር ይዘው የተደረደሩት መደብሮች የሚሸጡት በሙሉ የሕንድ ሥር ያለው የተጠበሰ ምግብ ነው። ከአተር ክክ ዱቄት የሚሠራው ድቡልቡሉ ፎሎሪ አለ። የጎደሬ ቅጠል በክክ ሊጥ ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎና ተቆራርጦ የሚጠበሰው ሳሂና አለ። በድንች የተሞላው አሉ ፓይ አለ፣ ካቾሪ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ወረፋው የሚረዝመው ዳብልስ ዘንድ ነው።

ሻጩ ፊት ለፊት በጨርቅ የተሸፋፈነ ሣጥን አለ። ክዳኑን ገለጥ ሲያደርገው እንፋሎቱ ፊቱን ይመታዋል። ስስ ወረቀት በግራ እጁ መዳፍ ላይ ያነጥፋል። በቀኝ እጁ ከሣጥኑ ሁለት ባራ ያወጣል፤ ባራ ማለት የእጅ መዳፍ የምታህል፣ በእርድ ቢጫ የሆነች፣ ስስና ለስላሳ የተጠበሰች ቂጣ ናት። ሁለቱን ጠርዝ ለጠርዝ አደራርቦ ያስተኛቸዋል። በላያቸው አንድ ጭልፋ ሽምብራ ያፈስሳል። ቀጥሎ እጁ ከማሰሮ ማሰሮ ይዘላል፤ ቸትኒ የሚባለው የሮቃ ማባያ፣ የተከተፈ ኪያር፣ ከጥሬ ማንጎ የተሠራው ኩቸላ፣ በመጨረሻም የተፈጨ ቃሪያ። ወረቀቱን ይጠቀልልና ሁለቱን ጫፎች ይዞ አንዴ ያሽከረክረዋል፤ ተቋጠረ። ዓይናችሁን አንሥታችሁ ወረፋውን እስክታዩ ድረስ የሚቀጥለው ሰው ተራ ደርሷል።

ደንበኛው ብዙ አይናገርም። የሚጠየቀው የቃሪያውን መጠን ብቻ ነው። «ስላይት» ካለ ጥቂት ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አልፈልግም ይላል፤ ደፋሩ ደግሞ አብዙልኝ ይላል። ስኮች ቦኔት የሚባለው የካሪቢያን ቃሪያ ከእኛ ሚጥሚጣ የሚያንስ ስላልሆነ ለጀማሪ «ስላይት» በቂ ነው። ምግቡ የሚበላው እዚያው ተቁሞ፣ ያለ ሹካ፣ ከባራው እየተቆረሰ ሽምብራው በጣት እየታፈሰ ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሚደንቀኝ አከፋፈሉ ነው። በብዙ ቦታ ሰው አንድ በልቶ ይጨምራል፣ ደግሞ ይጨምራል፤ ሲበቃው «ሦስት ነው የበላሁት» ብሎ ይከፍላል። ሻጩ የደንበኛውን ቃል ተቀብሎ መልሱን ይሰጣል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ።

እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ያስቀረችው ከነሐሴ 1834 ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ ነፃ የተባሉት ሰዎች ለሥራ ልምምድ በሚል ሰበብ ለቀድሞ ጌቶቻቸው እስከ 1838 እንዲሠሩ ተገደዱ። ያ ሲያበቃ ብዙዎቹ የሸንኮራ እርሻውን ጥለው ወጡ፤ የቀሩትም የተሻለ ደመወዝ ጠየቁ። የእርሻ ባለቤቶች የፈለጉት ደመወዝ መጨመር ሳይሆን ሌላ ርካሽ ጉልበት ማግኘት ነበር። ዓይናቸውን የጣሉት ሕንድ ላይ ነው። በግንቦት 5፣ 1838 ሁለት መርከቦች ሕንዳውያንን ጭነው ጋያና ደረሱ። ካስመጧቸው ሰዎች አንዱ ጆን ግላድስተን ነበር፤ ልጁ ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ያ ግላድስተን ነው። ትሪኒዳድ ላይ የመጀመሪያዋ መርከብ ፋቴል ራዛክ ከካልካታ ተነሥታ፣ ከሦስት ወር በላይ በባሕር ላይ ቆይታ፣ 225 ያህል ሰዎች ይዛ በግንቦት 30፣ 1845 ፖርት ኦፍ ስፔን ገባች። ያ ቀን ዛሬ በአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው።

ከዚያ ወዲህ እስከ 1917 ድረስ ወደ ትሪኒዳድ የተጓዙት 144 ሺህ ያህል፣ ወደ ጋያና ደግሞ 239 ሺህ ያህል ናቸው። የፈረንሳይንና የሆላንድን ግዛቶች ጨምረን ስንቆጥር በካሪቢያን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የመጡት ከጋንጀስ ሜዳ፣ ከዛሬው ቢሃርና ከኡታር ፕራዴሽ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ቋንቋቸው ቦጅፑሪ ነበር። ውላቸው የአምስት ዓመት ነው። ከእርሻው ያለ ፈቃድ ወረቀት የወጣ ሠራተኛ እንደ ወንጀለኛ ይታሠራል። የቀን ደመወዙ ለወንድ 25 ሳንቲም፣ ለሴት 16 ሳንቲም ነበር። የሚኖሩት የቀድሞዎቹ ባሪያዎች ይኖሩባቸው በነበሩ ዓይነት ረጃጅም የእንጨት ቤቶች፣ በአንድ ጠባብ ክፍል አንድ ቤተሰብ ሆነው ነው። ምግባቸውም በውሉ ውስጥ ነበረ፤ ሩዝ፣ ክክ፣ ዘይት፣ እርድ፣ ጨው። ሌላ ሰው መዝኖ የሚሰጣቸው፣ ዋጋው ከደመወዛቸው የሚቆረጥ ራሽን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ስለ ሕንድ ምግብ በካሪቢያን የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ቅመማቸውን በሻንጣ ይዘው የመጡ ያስመስለዋል። ሻንጣ አልነበራቸውም። ይዘው የመጡት እጃቸውንና ምላሳቸውን ነው፤ ሊጥ ምን ያህል መለስለስ እንዳለበት የሚያውቅ እጅ፣ ከሙን ሲቆላ መቼ ከምጣዱ እንደሚወርድ የሚያውቅ አፍንጫ። የቀረውን ያገኙት ከመጡበት መሬት ነው። አንዳንዱን ጨርሶ አላገኙትም፤ ስለዚህ ምግቡ ተለወጠ።

እንዴት እንደተለወጠ በዳብልሱ ላይ ላሳያችሁ። ሕንድ ውስጥ ባራ ወይም ቫዳ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከተነከረና ከተፈጨ ጥራጥሬ ነው። የትሪኒዳዱ የዳብልስ ባራ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ስንዴ ደግሞ በትሪኒዳድ ስለማይበቅል ከሰሜን አሜሪካ በመርከብ ይመጣል። የድንብላል ቅጠልን ቦታ የያዘው ሻዶ ቤኒ የሚሉት ረጅምና ጠርዙ ጥርሳም የሆነ ቅጠል ነው፤ ሽታው የድንብላል ይመስላል፣ ግን ይበረታል። የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ የአገሩ ነባር ሰዎች ቀድመው ያውቁት ነበር። ቃሪያውም የዚያው ምድር ነው። የቸትኒው ሮቃ፣ አንዳንዶቻችን ሁመር የምንለው፣ ከመነሻው የአፍሪካ ዛፍ ነው። በአንድ ወረቀት ተጠቅልሎ እጃችሁ ላይ የሚቀመጠው ምግብ ውስጥ አራት ክፍለ ዓለም አለ፤ ያገናኛቸውም የሸንኮራ ንግድ ነው።

ሌላም ነገር ተለውጧል። በቢሃር መንደሮች ማን ያበሰለውን ማን ይበላል የሚለው ጥያቄ ካስት በሚባለው የትውልድ ደረጃ ሥርዓት የተወሰነ ነበር። ከፍ ያለው ዝቅ ያለው የነካውን አይቀምስም። መርከቡ ላይ ግን ማሰሮው የጋራ ነው፤ ወራት የሚፈጅ ባሕር ላይ የማይበላ ሰው ይሞታል። በመርከብ አብረው የመጡት ሰዎች ጃሃጂ ተባባሉ፤ የመርከብ ወንድማማችና እኅትማማች ማለት ነው። ጋብቻ እንኳ በልጆቻቸው መካከል እንዳይደረግ እስከ መከልከል የደረሰ ዝምድና ሆነ። በእኔ እምነት ዳብልስ ሁሉም የሚበላው ምግብ የመሆኑ ታሪክ የሚጀምረው ከመንገድ ዳር ሳይሆን ከዚያ የመርከብ ማሰሮ ነው። ባዳ ያበሰለውን መብላት እዚያ ተለመደ።

ከ1869 ጀምሮ የትሪኒዳድ መንግሥት ወደ አገራቸው የመመለሻ መብታቸውን ለተዉ ሠራተኞች መሬት መስጠት ጀመረ። በዚህም የእርሻ መንደሮች ተቆረቆሩ፤ ሩዝ፣ አተር፣ ባሚያና ደበርጃን መዝራት ተጀመረ። ቤተሰቡ ከራሽን ተላቆ የራሱን ማብሰል ሲጀምር ሮቲ የሚሉት ቂጣም በዓይነት በዛ። ተራው ሳዳ ሮቲ አለ። የተፈጨ ክክ በመካከሉ የሚጠቀጠቅበት ዳልፑሪ አለ። ምጣድ ላይ እያለ በእንጨት መዳመጫ እየተመታ የሚበጣጠሰው ፓራታም አለ፤ የተቀደደ ሸሚዝ ይመስላል ብለው በዚያው ስም ይጠሩታል። በቢሃር ዳልፑሪ የበዓል ምግብ ነበር። ትሪኒዳድ ላይ ወጥ ተጠቅልሎበት ሠራተኛው ይዞት የሚሄድ ምሳ ሆነ።

ያን ምሳ ግን ልጆች ትምህርት ቤት ደብቀው የሚበሉበት ዘመን ነበር። ይህን በዕድሜ ከገፉ የትሪኒዳድ ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። ዳቦ የያዘ ልጅ ቀና ብሎ ይበላል፤ ሮቲ የያዘው ከዛፍ ጀርባ ይሄዳል። የእርድና የከሙን ሽታ የገጠሬነት፣ የድህነት ምልክት ነበር። በስደት አገር ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ ይህን ሳትነገር ታውቀዋለች፤ እኛም በዚህ ከተማ ልጆቻችን የምሳ ዕቃቸውን ሳይከፍቱ ይዘው ሲመለሱ አይተናል። ሕጉም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በሂንዱ ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በትሪኒዳድ ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚህ ሥርዓት ከተጋቡ ወላጆች የተወለደ ልጅ በመንግሥት መዝገብ ሕጋዊ ልጅ አልነበረም።

ዳብልስ የተወለደው በዚህ መካከል ነው። ታሪኩን የዲን ቤተሰብ እንዲህ ይተርከዋል። በደቡብ ትሪኒዳድ ፕሪንስስ ታውን ኢማሙል ዲን የተባለ ሰው ነበር፤ ኋላ ሁሉም ማሙ ዲን፣ አጎቴ ዲን እያለ ይጠራው ጀመር። ባለቤቱ ራሱላን ትባላለች። ባልና ሚስቱ መጀመሪያ የተጠበሰ ሽምብራ፣ ቀጥሎም በቅመም የተቀቀለ ሽምብራ በወረቀት ሾጣጣ እያደረጉ ይሸጡ ነበር። በ1936 አካባቢ ሽምብራውን በአንድ ባራ ላይ አድርገው መሸጥ ጀመሩ። ደንበኞች ባራውን ሁለት አድርጉልን እያሉ ጠየቁ፤ ሁለት ሆነ፤ ስሙም ከዚያ ወጣ።

ዘመኑን አስቡት። የዓለም ኢኮኖሚ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ነው፤ የስኳር ዋጋ ወርዷል። በደቡብ ትሪኒዳድ የነዳጅ ጉድጓዶች ላይ የሚሠራው ጥቁር ሠራተኛና በሸንኮራው ማሳ ላይ ያለው ሕንዳዊ ሁለቱም ሆዳቸው አልሞላም። በሰኔ 1937 ፋይዛባድ በምትባል የነዳጅ ከተማ በዩራያ በትለር የተመራ አድማ ተነሥቶ አገሪቱን አዳረሰ። ይህ ዘመን ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1935፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር በፖርት ኦፍ ስፔን ሕዝብ ለእኛ ሲል አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል። ስለ ትሪኒዳድ ስናስብ ይህን ውለታ መርሳት የለብንም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሮቲውን ከዛፍ ጀርባ የሚበላ ልጅ በነበረበት አገር፣ ዳብልስ በግልጽ መንገድ ላይ፣ ጥቁሩም ሕንዱም ቻይናውም ነጩም ቆሞ የሚበላው ምግብ እንዴት ሆነ?

ዋጋው አንዱ ምክንያት ነው። ሽምብራና ዱቄት ርካሽ ናቸው፤ ሆድ ይሞላሉ። ነገር ግን ርካሽ የሆነ ሁሉ የጋራ አይሆንም። እኔ የማተኩርበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እናንተ ከማንም በፊት የምትረዱት ነው። ዳብልስ ውስጥ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። የጾም ምግብ ነው። ሂንዱው የከብት ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊሙ የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ የራስ ተፈሪያን ተከታይ ከሁለቱም ይርቃል፤ ካቶሊኩ በዓቢይ ጾም ዓርብ ከሥጋ ይቆጠባል። ዲን ሙስሊም ነበር። ለሂንዱ፣ ለክርስቲያን፣ ለሁሉም መሸጥ ያለበት ድሀ ነጋዴ ነው። ማንንም የማይከለክል ምግብ ይዞ ወጣ። ይህን ሲያደርግ አገር አስማማለሁ ብሎ አይመስለኝም፤ ማታ ባዶ ሣጥን ይዞ መመለስ ነበር የፈለገው። ሆኖም ብዙ ዓይነት እምነት ባለበት አገር ሁሉን የሚያገለግል ማዕድ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ፖለቲከኞች በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በዘር እየተከፋፈሉ ፓርቲ ሲያቋቁሙ የዳብልስ ወረፋ አልተከፋፈለም። በትሪኒዳድ ምርጫ ዛሬም ዘር ትልቅ ቦታ አለው፤ ዳብልስ ያን አላጠፋውም፤ አጥፍቶታል ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን ከምርጫው ማግስት ጠዋት ያሸነፈውም የተሸነፈውም ተሰልፈው የሚገኙት እዚያው ነው።

መቆሙም ራሱ ዋጋ አለው። ቤት ገብቶ መብላት ማን ቤት ትገባለህ የሚል ጥያቄ ያመጣል። መንገድ ዳር ወንበር የለም፣ የክብር ቦታ የለም። የባንክ ሠራተኛው ክራቫቱን ወደ ትከሻው ጥሎ፣ ግንበኛው በሥራ ልብሱ፣ ተማሪዋ በዩኒፎርሟ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ይበላሉ፤ ጎንበስ የሚባለው ሮቃው ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ ልናገር፤ ይህ ጉዳይ ያንገበግበኛል። የዳብልስ ታሪክ ሲነገር የሚታወሰው በብስክሌት ላይ ሣጥን ጭኖ የሚዞረው ወንድ ነው። ሽምብራውን ማታ የነከረው ማን ነው? ሌሊት ተነሥቶ እሳት ያነደደው? ራሱላን ዲን ስሟ በመመዝገቡ ዕድለኛ ናት። ከእርሷ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ይህን ሥራ የሠሩት ሚስቶች፣ እናቶችና ሴት ልጆች ስማቸው የለም። ምግቡን የፈጠረው መንገዱ ነው ይባላል፤ መንገዱ የሸጠው ነው። የተፈጠረው ወጥ ቤት ነው።

እዚህ ከተማ አብራኝ የምትሠራ አንዲት የትሪኒዳድ ሴት አለች። ባራ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ዱቄቱ ውስጥ እርድ፣ የተቆላ ከሙን፣ ጨው፣ እርሾና ጥቂት ስኳር ትጨምርና ለብ ባለ ውኃ ታቦካዋለች። ያስገረመኝ ሊጡ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ነው፤ ከእጅ ላይ የሚያመልጥ፣ ሌላ ሰው ቢያየው ተበላሸ ብሎ ዱቄት የሚጨምርበት ዓይነት ነው። «ዱቄት ከጨመርሽ ቂጣ ነው የምታገኚው» አለችኝ። ሲነሣ እጇን ዘይት ትቀባለች፤ ከሊጡ ትቆነጥራለች፣ ትደበልላለች፣ ለጥቂት ጊዜ ታሳርፈዋለች። ከዚያ በመዳፏና በጣቶቿ ብቻ፣ ያለ መዳመጫ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ትዘረጋዋለች። የጋለ ዘይት ውስጥ ስትጥለው ወዲያው ይነፋል፤ ትገለብጠዋለች፤ ታወጣዋለች። እዚያ የሚቆየው ትንፋሽ ሰብሰብ እስክታደርጉ ድረስ ብቻ ነው፤ ከቆየ ይደርቃል። ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ ደርድራ በጨርቅ ትሸፍነዋለች። ጥርት ብሎ የተጠበሰው ባራ በራሱ እንፋሎት የሚለሰልሰው ጨርቁ ውስጥ ነው፤ ሻጩ ሣጥኑን ለምን እንደሚሸፋፍን ያኔ ገባኝ።

ሽምብራው ሌሊቱን ተነክሮ ያድራል። የሚወስዱት እኛ ለሽሮ የምናውቀውን ትንሹን ሳይሆን ትልቁን ነጭ ሽምብራ ነው። ጠዋት ከጥቂት ሶዳ ጋር እጅግ እስኪበስል ይቀቀላል። በዘይት ነጭ ሽንኩርትና ካሪ ዱቄት ይቁላላል፤ ሽምብራው ከነውኃው ይገባበታል። ሲፈላ ከሽምብራው የተወሰነው በማንኪያ ጀርባ ይደቆሳል፤ መረቁን የሚያወፍረው ይህ ነው። ሻዶ ቤኒው በመጨረሻ ይጨመራል። ጠንከር ያለ፣ ፍሬው ተለይቶ የሚታይ ሽምብራ ለዳብልስ አይሆንም፤ ባራው ላይ መተኛት አለበት።

ይህን ለሁለት ሰው መሥራት ቀላል ነው። ለአንድ ጠዋት ገበያ በመቶ የሚቆጠር ባራ በእጅ መዘርጋት፣ ከዘይት ፊት ቆሞ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ሌላ ነገር ነው። ልጆች በዚህ ገንዘብ ትምህርት ተምረው ሐኪምና ጠበቃ ሆነዋል፤ የዳብልስ ሻጭ ልጅ ነኝ ብሎ መናገር ትሪኒዳድ ውስጥ ዛሬ ኩራት ነው። ያ ከዛፍ ጀርባ ይበላ የነበረ ልጅ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ከትሪኒዳድ ውጭ ያለውን ባጭሩ ልጥቀስ። የጋያና ሰው ሮቲውን ከምጣድ አንሥቶ ወደ ላይ እየወረወረ በሁለት እጁ ያጨበጭበዋል፤ እንዲላላ ነው። ሱሪናም ደግሞ የሆላንድ ግዛት ነበረች፤ ሕንዳውያን የገቡባት በ1873 ሲሆን ባራዋ ጥራጥሬና የጎደሬ ቅጠል ያለበት፣ መካከሉ የተበሳ ነው። ሱሪናማውያን ወደ ሆላንድ ሲሰደዱ ይዘውት ሄደው ዛሬ በአምስተርዳምና በሄግ ይሸጣል። ጓዶሎፕና ማርቲኒክ የገቡት በብዛት ከደቡብ ሕንድ ስለነበሩ እዚያ የተለመደው ኮሎምቦ የሚባለው የቅመም ድብልቅና ወጡ ነው። ጃማይካ የደረሱት ቁጥራቸው አነስ ያለ ቢሆንም የፍየል ካሪ ዛሬ የጃማይካ ድግስ የማይቀርበት ምግብ ነው፤ የጃማይካ ፓቲም ቢጫ ሆኖ ካሪ የሚሸተው ከእነርሱ የተነሣ ነው። በዚያው የውል ሥራ ከ1860 ጀምሮ ወደ ደርባን የተወሰዱት ሕንዳውያንም የተቦረቦረ ዳቦ ውስጥ ወጥ እየሞሉ የሚሸጡትን ምግብ ለደቡብ አፍሪካ ሰጥተዋል።

ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ኤ ኤንድ ኤ የሚባል አነስተኛ የዳብልስ ቤት አለ። በ2019 በአሜሪካ የምግብ ዓለም ትልቅ ክብር ያለውን የጄምስ ቢርድ ሽልማት በነባር የአገር ምግብ ቤቶች ዘርፍ ተቀብሏል። ለዚህ ሽልማት የበቃው ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ በማንጠፍ አይደለም፤ በወረቀት ጠቅልሎ በመሸጥ ነው።

እናንተ ግን ኒውዮርክ መሄድ አያስፈልጋችሁም። እዚህ ቶሮንቶ፣ በተለይ ስካርቦሮ ውስጥ፣ የትሪኒዳድና የጋያና ምግብ ቤት ሞልቷል። ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ፤ ባራው ከዘይት በወጣበት ሰዓት እንጂ ከሰዓት በኋላ አትሂዱ። መጀመሪያ ላይ «ስላይት» በሉ። ሮቃውንና ኪያሩን አስጨምሩበት። በጾም ቀን ከሄዳችሁ ቅቤም እንቁላልም እንደሌለበት ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሴት ካያችሁ ባራውን የዘረጋችው እርሷ መሆኗን ጠይቁና አመስግኗት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።